ሁሉም ይስማማሉ

ጣይቱ ብጡል የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍል ውሃ የወረዱበትን 1879 ዓ.ም. የታሪክ መጻሕፍት የአዲስ አበባ መቆርቆሪያ ይሉታል። ዓሳ የሚያረባ ሰው ግን በሌላ ዓይን ያነበዋል፤ ሞቅ ያለ ውሃ የሚወድ ፍጡር እንጦጦ ላይ እንደማይበረክት በይፋ የታወቀበት ዓመት ነው። እሳቸው ነገሩ ገብቷቸው ቁልቁል ወረዱ። እኔ የቤት ኪራይ እየገፋኝ ሽቅብ ወጣሁና ይኸው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ቤት፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ባለፈ ከፍታ ላይ፣ ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ካልሆነ የሚኮራመት ዓሳ አስቀምጬ እኖራለሁ። ሐምሌ ላይ ጉሙ ባሕር ዛፉን ሲሸፍነው እኔ ጋቢ ላይ ጋቢ እደርባለሁ፤ እነሱ 25 ዲግሪ ውስጥ ይንሸራሸራሉ። የመብራት ሂሳቡ የሚመጣው በእኔ ስም ነው።

ዓሶቹ ሲክሊድ ይባላሉ። ስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ሥጋው እንግዳ አይደለም፤ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ መጥቶ ጉላሽና ለብለብ የሚሆነው ቆሮሶ ከዚሁ ወገን ነው። ዘመዶቹ በአማዞን ወንዞች፣ በመካከለኛው አሜሪካ፣ በማዳጋስካር፣ እስከ ሕንድ ድረስ ተበትነዋል። በማላዊ ሐይቅ ውስጥ ብቻ ብዙ መቶ ዓይነት አለ፤ አብዛኛው ከዚያ ሐይቅ በቀር የትም አይገኝም። ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ዝንጉርጉሩ፣ ሲያዩት የሐይቅ ዓሳ አይመስልም። ጠባዩ ላይ ነው ነገሩ። ሲክሊድ ሁለት መንጋጋ አለው። አንዱ ሁላችንም በምናውቀው ቦታ ላይ ነው፤ ሌላው ጉሮሮው ውስጥ ተቀምጦ የፊተኛው የያዘውን ያደቅቃል። እኛ በአንድ መንጋጋ ብቻ ጎረቤት ላይ የምናደርሰውን ስለምናውቅ የቀረውን መገመት አያቅተንም።

ቤቴ እንግዳ ሲመጣ መስታወቱ ፊት ይቆምና መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይበላል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «መቼ ይደርሳል?» ይላል። የግቢያችን ታላቅ ሴት እትዬ ደግሞ ጥያቄያቸው ከነቀጠሮው ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ቢጫው ለፍልሰታ ይደርስልሃል?»

«አይበላም እትዬ፣ ለማየት ነው።»

«ለማየት?» አሉና መስታወቱን፣ ማሞቂያውን፣ ፓምፑን፣ ከዚያ እኔን በየተራ አዩ። «እኔስ በጾም ዓሳ አፌ አይገባም፤ ለአንተ ብዬ ነው እንጂ።» ሊወጡ በር ላይ ከደረሱ በኋላ ዞር ብለው፣ «ግን እንዲያው ሲመዘን ስንት ይወጣዋል?»

ያ ቢጫ ዓሳ ካደገ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አጥንቱ ሲነሳለት ለአንድ ጉርሻም አይበቃ።

ወደ ከተማ ወርዶ ዓሳ ለሚገዛ ሰው ከዋጋው ይልቅ የሚያስቸግረው የሻጩ ትሕትና ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ውስጥ ትልቅ መስታወት አለ፤ በውስጡ ጎልድፊሽ፣ ኦስካር፣ ፓሮት፣ ኤንጅል፣ ጥቂት ቢጫ የማላዊ ዓሶች፣ ታች ደግሞ መስታወት እየላሰ የሚውል ጥቁር ፍጡር አንድ ላይ ይኖራሉ።

«ጋሼ፣ ይመኑኝ፣ ሁሉም ይስማማሉ» ይላል ልጁ።

«ይሄ ኦስካርም?»

«እሱማ በጣም ጨዋ ነው።»

ጨዋው ኦስካር አፉን ከፈት ከደን እያደረገ የጎልድፊሹን ቁመት ይለካል። ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ አውራ ጣት የሚያህል ሕፃን ነው፤ ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ያኔ አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ምግቡ ነው። ፓሮት የሚሉት ቀይ ዓሳ ደግሞ በተፈጥሮ የትም ሐይቅ ውስጥ የለም፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታይዋን ውስጥ ሰው አዳቅሎ ያወጣው ነው። አፉ በደንብ አይዘጋለትም። ከሁሉም እሱ ያሳዝነኛል፤ ጠብ ይወዳል፣ መንከስ ግን አይሆንለትም። እንግዲህ የሱቁ «ይስማማሉ» ሲተነተን «እስካሁን አልተበላሉም» ማለት ነው። መስታወቱ ውስጥ የገቡት ትናንት ከሆነ ልጁ አልዋሸም።

ሻጩን ብዙ አልወቅሰውም፤ ይህንኑ ቃል ከእሱ በፊት በሐይቅ ደረጃ የተናገሩ አሉ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናይል ፐርች የተባለውን ግዙፍ አዳኝ ዓሳ ወስደው ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ለቀቁት። እስከ 1980ዎቹ ድረስ 200 ያህል የሲክሊድ ዓይነቶች ጠፉ፤ ከጠፉት አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት በመካነ እንስሳትና በግለሰብ ቤት መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። ያው ናይል ፐርች እኛ ጫሞ ውስጥ ከቆሮሶ ጋር ከጥንት ጀምሮ አብሮ ይኖራል። ይበላዋል፣ አልጨረሰውም። ቆሮሶውም አብሮት ስላደገ መቼ መሸሽ እንዳለበት ያውቃል።

ወደ ቤት እንመለስ። ጥያቄው መጀመሪያ የውሃ ነው። ኤንጅልና ዲስከስ ቅጠል የበሰበሰበት፣ ማዕድን ያነሰው፣ ወደ አሲድ ያደላ የአማዞን ውሃ ልጆች ናቸው። የማላዊ ሐይቅ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማዕድን አለው፣ ፒኤቹ ከ7.7 እስከ 8.6 ይደርሳል። ሁለቱን በአንድ መስታወት ያኖረ ሰው ከሁለት አንዱን ሁልጊዜ እንዳመመው ነው የሚያኖረው። አዲስ አበባ ደግሞ የቧንቧ ውሃዋ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚወርድ አለ፣ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚሳብ አለ፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛዋል። መለኪያ መግዛት ያልቻለ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ግርጌውን ይመልከት። ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ውሃው ለማላዊ ዓሳ ቀርቧል። ምንም ከሌለው በሃ ድንጋይ ያስፈልጋል።

እንጦጦ ላይ ድንጋይ ፍለጋ አይኬድም፤ በር ሲከፈት እግር የሚመታው እሱው ነው። ግን የእኛ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ስለሆነ ውሃው ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ አይቀልጥም፤ ለዋሻ መሥሪያ ይሆናል እንጂ ማዕድን አይሰጥም። የሙገር በሃ ድንጋይ፣ ያ ሲሚንቶ የሚሠሩበት፣ ሌላ ነው። ሁለቱን ለመለየት አቼቶ ይበቃል። ድንጋዩን አጥቦ አድርቆ ሁለት ጠብታ ጣል ማድረግ ነው። በሃው ወዲያው ቺስ ይላል፤ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይፈላና ጠርዙ ነጭ ይሆናል። የእንጦጦው ድንጋይ ርሶ ብቻ ይቀራል፤ አቼቶው እንደ ውሃ ይወርድበታል። ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ድንጋይ በድንጋይ አቼቶ ሳንጠባጥብ እትዬ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው አዩኝ።

«ሰላጣ ልታደርገው ነው?»

ነገሩን ባስረዳቸውም ፊታቸው ላይ የነበረው ሐሳብ አልተለወጠም።

ክሎሪንን በተመለከተ ግን የአዲስ አበባ ሰው የታደለ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዓሳ አርቢዎች ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት በጠርሙስ ይገዛሉ፤ ወይም ውሃውን ቀድተው አንድ ቀን ያሳድሩታል። እኛ ውሃ በፈረቃ ስለምናገኝ በርሜላችን ውስጥ ከርሞ ነው የሚደርስልን። ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ብቻ ነው የቀረው። ውሃ የጠፋበትን ቀን የሚያመሰግን አንድ ሰው በዚህ ከተማ ቢኖር እኔ ነኝ፤ እሱንም በየሳምንቱ የመስታወቱን ውሃ በከፊል የምቀይርበት ቀን እስኪደርስ ነው።

ሌላው የማያስቸኩል ነገር ባክቴሪያ ነው። ዓሳ የሚያወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ፊልተሩ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ያንን ደግሞ ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት። እነሱ እስኪደራጁ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መስታወቱ ሞልቶ፣ ፓምፑ እየተንፈቀፈቀ፣ ማሞቂያው እየሠራ፣ ውስጡ ግን አንድም ዓሳ የለም። ሳሎኔ የገባ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። አንዱ ጓደኛዬ ጨርሶ ተስፋ ቆርጦ፣ «ውሃ ብቻውን ነው የምታረባው?» አለኝ።

ምግቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከማላዊ ዓሶች ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚኖሩት ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ አልጌ ሲግጡ ይውላሉ። አንጀታቸው ረጅም ነው፤ ሥጋ ሲበዛባቸው ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ። ስለዚህ ሥጋ ከሚወደው ኦስካር ጋር ማዕድ አይቆርሱም፤ አንዱን የሚያወፍረው ሌላውን ይገድለዋል። እኔ ከደረቁ ምግብ ጎን ቆስጣ በፈላ ውሃ ለብለብ አድርጌ፣ ቅጠሉን በድንጋይ አስይዤ እሰጣቸዋለሁ። ግንዱን ትተው ቅጠሉን በጥርሳቸው እየሸረከቱ ወንፊት ያደርጉታል። እትዬ ዓሶቹን በአክብሮት ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናቸዋ!» አሉ። ባይሆን ቅቤ አለመንካታቸውን በጄ ብለዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጠብ እንምጣ፤ የይዞታ ጠብ። የማላዊ ወንድ ዓሳ አንድ ድንጋይ ሥር አንድ ጉድጓድ ያገኝና ካርታ የወጣለት ያህል ይቆጥረዋል። ከራሱ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ያለው ሌላ ወንድ ካየ እንደ ወራሪ ያየዋል፤ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ዝንጉርጉር ከዝንጉርጉር አይዋደድም። ስለዚህ ሲመረጥ በመልክ የሚራራቁ ይመረጣሉ፤ ለአንድ ወንድ ብዙ ሴት ይደረጋል፤ መስታወቱም ትንሽ አይሁን፣ 200 ሊትር ቢያንስ። የሚገርመው ጠባቸውን ለማብረድ ቁጥራቸውን መቀነስ አይጠቅምም። ጥቂት ከሆኑ ጉልበተኛው አንዱን ነጥሎ እስኪሞት ያሳድደዋል፤ በርከት ካሉ ንዴቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ፊልተሩ ጠንካራ ይሁን፣ የሚበዛው ቆሻሻውም ነውና።

አዲስ ዓሳ ሲገባ ደግሞ ቀድሞ የነበሩት ጠቅላላ ነባር ባለይዞታ ናቸው፤ መጤው መድረሻ የለውም። መፍትሔው ድንጋዩን ሁሉ አውጥቶ በሌላ ቅርጽ መልሶ መደርደር ነው። ያኔ የማንም ካርታ አይሠራም። ትናንት ጌታ የነበረው ሰማያዊ ዓሳ የቀድሞ ዋሻው የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ፣ ሌሎቹም አዲስ ቦታ ፍለጋ ሲራወጡ፣ መጤውን ልብ የሚል አይገኝም። ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ሲፈርስ ያየ ሰው ይህን ማብራራት አይፈልግም። ለዓሶቹ ምትክ ቦታ ወዲያው ይሰጣቸዋል፤ እሱ ነው ልዩነቱ።

ከየት ይምጣ የሚለው ይቀራል። ገበያ ውስጥ ያለው የማላዊ ዓሳ አብዛኛው ማላዊን አያውቃትም። ፍሎሪዳ፣ ቼክ ሪፐብሊክ ወይም ሩቅ ምሥራቅ እስያ ውስጥ በእርባታ ተፈልፍሎ ያደገ ነው። አያቶቹ ከአፍሪካ ሄዱ፣ እሱ ውጭ ተወለደ፣ አሁን በአውሮፕላን ወደ አህጉሩ ይመለሳል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአጎቴ ልጅ ቤት እንዲህ ያሉ ዓሶች ሞልተዋል፤ ስልክ ላይ ሲያሳየኝ «አፍሪካውያን ናቸው» ይለኛል። ቢጫዋ ዓሳ ቢጫ ካርድ ማውጣት አለባት ብዬ አስቄዋለሁ።

«ታዲያ ያገራችንን ቆሮሶ ለምን አታረባም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄውም መልስ ይገባዋል። ጫጩቱን ለማግኘት ሩቅ አይኬድም፤ ሰበታ ያለው የዓሳ ምርምር ማዕከል ለኩሬና ለግድብ የሚሆን የቆሮሶ ጫጩት ሲያሰራጭ የኖረ ነው። ቻይነቱም የተመሰከረለት ነው፤ ጣና ውስጥ ይኖራል፣ አዋሽ ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥም ይኖራል። ጥፋቱ ማደጉ ነው። ጣት ሲያህል ያምራል፤ ከዚያ ይረዝማል፣ ከተመቸው 60 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ወንዱ ሴት ለመሳብ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ሰፊ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ 200 ሊትር መስታወት ውስጥ ያ ማለት ቤቱን በሙሉ መቆፈር ነው። ተክል ካለ ይነቅላል፣ ትንሽ ጎረቤት ካለ ያሳድዳል። ከማንም ጋር አይሆንም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ሐበሻ ቆሮሶን ሁለት ወር ተመልክቶ ሚጥሚጣ አለማሰብ ይቸግረዋል።

ሌላም አለን። አፍዴራ ሐይቅ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጨው በሚመረትበት፣ ፍል ምንጭ በሚገባበት ውሃ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባል ትንሽ ሲክሊድ ይኖራል። ጣሊያናዊው ቪንቺጉዌራ በ1931 (እ.ኤ.አ.) ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው፤ ስሙንም ደንከልን ለዞረው ለባሮን ፍራንኬቲ መታሰቢያ አደረገው። በዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ እዚያው ይኑር፤ ከአፍዴራ እንጦጦ ማለት 3 ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ መውጣት ነው። ጣናስ? ጣና ውስጥ ከቆሮሶ በቀር ሲክሊድ የለም። ማላዊ ውስጥ ሲክሊዶች የሠሩትን የመብዛት ሥራ እዚያ ነጭ ዓሳ የምንለው ወገን ወስዶታል፤ 15 ያህል ዓይነት ሆኗል፣ ከፊሉም ሌላ ዓሳ አዳኝ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ስለሚያግድ ለብቻቸው ተመቻችተው ተከፋፈሉ።

ስለዚህ ከሱቁ ቢጫዎቹን መረጥኩ፤ ከማላዊዎች መካከል ሰላም ወዳድ ከሚባሉት ናቸው። ኦክስጅን የተሞላ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ፣ አፉን በላስቲክ አስሮ፣ ልጁ «ጋሼ፣ ሁሉም ይስማማሉ» ብሎ መርቆ ሸኘኝ። ነጠላ ጠቅልዬበት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝኩ። ቦሌ አካባቢ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የታሰረ ፌስታል ሽቅብ ሲወጣ የውጭው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ይወጠራል። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ስነካው እየጠነከረ መጣ። ወያላው ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው እንዴ?»

«ዓሳ ነው።»

«ወደ ላይ ነው እንዴ ዓሳ የሚሸጠው?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀው። ሂሳብ ሲሰበስብ ግን ለፌስታሉም የወንበር ጠየቀ።

አየሩ የሳሳው ለፌስታሉ ብቻ አይደለም። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በዚህ ከፍታ ከ6 በታች ነው። ሯጮቻችን ለሳንባቸው ብለው እንጦጦ የሚወጡበት ምክንያት ለዓሳ ችግር ነው፤ ቀን ከሌት የአየር ፓምፕ ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፣ ሙቀቱም አየሩም። ያኔ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ እከፍትና መስታወቱን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ፤ ውሃ ከሰል ላይ አፍልቼ፣ ፕላስቲኩን እንዳያቀልጠው ለብ አድርጌ፣ በሃይላንድ ሞልቼ አንሳፍፍበታለሁ። ፍል ውሃን ከፊንፊኔ እንጦጦ ድረስ በሃይላንድ የመለስኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አንዷ ቢጫ በቅርቡ መብላት አቆመች። ቆስጣው ፊት ለፊቷ ተንጠልጥሎ ዞር ትላለች፤ ጉሮሮዋ ሥር ያበጠ ነገር አለ። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው። ብዙ የአፍሪካ ሲክሊዶች እንዲህ ናቸው፤ ቆሮሶ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ የማላዊዎቹ እስከ ሦስት ሳምንት እህል ሳይቀምሱ ጫጩት ይፈለፍላሉ። ለእትዬ ስነግራቸው ጣታቸውን ቆጥረው ከፍልሰታ እንደሚበልጥ አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየመጡ «ወለደች?» ይላሉ፤ ስለ ኪሎ ማንሳት ትተዋል።

ወለደች። ዐይን ብቻ የሆኑ ቢጫ ፍጡሮች ከድንጋይ ድንጋይ ይሽሎከለካሉ፤ ሲያድጉ ለሁሉም ቦታ ስለማይበቃ ወሬው በጓደኛ ጓደኛ ወርዶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደረሰ። አንድ ወጣት ደወለልኝ። ስለ ውሃው አልጠየቀም፣ ስለ ምግቡም አልጠየቀም።

«ኦስካር አለኝ፣ ይሄን ያህል ነው» አለኝ፤ በስልክ በእጁ እንዳሳየኝ ገብቶኛል። «ጫጩቶቹ ይስማማሉ?»

«ኦስካሩን በጣም ይስማሙታል» አልኩት።

«እንግዲያውስ አሥሩን ይያዙልኝ፣ ጋሼ።»